የልደቱ ጡሩምባ

ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ ጉርድ ሾላ ላይ የእርጥብ ድንኳን ሸራ ሸተተኝና ልጅነቴ ትዝ አለኝ።

እድራችን ሰፈራችን የተቆረቆረበትን ቀን ሊያከብር ድንኳን ተክሎ፣ ገመድ ጉተታም አዘጋጅቶ ነበር። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ጋሽ በቀለ ሰውን ለመጥራት ያችኑ ሰው ሲሞት የሚነፏትን ጡሩምባ ማለዳ ነፉ። ሰፈርተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ «ማን ሞተ?» እያለ ወጣ፤ ነገሩ ሲገባው ሳቀ።

ልጃቸው ዘምቶ ወሬው የጠፋባቸው ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ግን በባዶ እግራቸው እየሮጡ መጡ።

«የኔው ነው? ንገሩኝ!»

«ኧረ እትዬ፣ የሰፈራችን ልደት ነው!» አሉ ጋሽ በቀለ ደንግጠው።

እትዬ ዘሃራ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «እኔ እኮ ዛሬስ አልቅሼ ይወጣልኛል ብዬ ነበር።»

የዚያን ቀን ገመዱን የጎተተው የለም።

የዛሬው ድንኳን የሠርግ ይሁን የለቅሶ፣ ለመጠየቅ ፈርቼ አለፍኩ።