ኮሌጁ በተዘጋ ጊዜ የቀረሁት ተማሪ

የሰው ሁሉ የስደት ታሪክ በሌሊት ይጀምራል። የእኔ ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው የጀመረው። እናቴ አላለቀሰችም፤ ጎረቤቶቻችን ግን አልቅሰው ሊሞቱ። እትዬ አስካለ የሚባሉ ጎረቤታችን ከእናቴ ብሰው ሲንሰቀሰቁ ያየ አንድ መንገደኛ፣ "ልጅቷ የማናቸው ናት?" ብሎ ጠየቀ። አባቴ በአውቶቡሱ መስኮት ጋቢውን ሊያቀብለኝ ሞከረ። "አባዬ፣ እዚያ እኮ እሳት ነው አሉ" ስለው፣ "እሳትም ቢሆን ሲመሽ ይበርዳል" አለኝ። የምሄድባትን የሳዑዲ ከተማ፣ የኹበርን ሐምሌ ስለማያውቅ አልፈረድኩበትም። እዚያ በሐምሌ ማታ መስኮት መክፈት የሚፈላ ድስት ላይ ተደፍቶ ክዳን እንደ ማንሳት ነው።

ውሌ ላይ "የቤት ሠራተኛ፤ ልጆች ሦስት" ይላል። ዳማም ኤርፖርት የተቀበለኝ ካፊሌ፣ ማለትም ያስመጣኝ አሠሪዬ፣ ዝም ብሎ ነዳና ኹበር፣ ዐቅረቢያ የሚባለው ሰፈር ገብቶ፣ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ በር ላይ አቆመ። በሩ ላይ አባያ የለበሱ ወጣት ሴቶች ይርመሰመሳሉ። ዐረብኛ ስለማላውቅ ሦስት ጣቴን ቀስሬ አሳየሁት። ገባውና ከት ብሎ ሳቀ። ብዙ ነገር ተናገረ፤ የገባኝ የመጨረሻው ብቻ ነው። "ማፊ ሙሽኪላ።" ችግር የለም ማለት ነው። እዚያ አገር ይህን ቃል ከሰማችሁ ችግሩ ተጀምሯል ማለት ነው።

ለካ ካፊሌ የነርስነት ትምህርት የሚሰጥ ትንሽ የሴቶች ኮሌጅ ኖሮታል። ሦስቱን ልጆቹን ሌላ ሠራተኛ ታሳድጋቸዋለች፤ እኔ ለኮሌጁ ፈራሻ ሆንኩ። ፈራሻ ማለት ጠራጊም፣ ሻይ አፍይም፣ ተላላኪም፣ በር ከፋችም ማለት ነው።

ስሜ ፀዳለ ነው። ሙዲራዋ፣ ማለትም የኮሌጁ ኃላፊ፣ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አገላብጣ አየችና፣ "ሰዳ... ሰዳሊ... ሰይደሊያ!" ብላ ገላገለችኝ። ሰይደሊያ በዐረብኛ መድኃኒት ቤት ማለት ነው። ተማሪዎቹ በሳቅ ወደቁ። ከዚያ ወዲያ፣ "መድኃኒት ቤት፣ ሻይ አምጪ"፣ "መድኃኒት ቤት፣ የሁለተኛው ፎቅ ሽንት ቤት ሞልቷል" እየተባልኩ ኖርኩ።

ከእኔ በፊት የመጣች አንዲት ሐበሻ ነበረች። ከድጃ ትባላለች፤ የወሎ፣ የሐርቡ ልጅ ናት። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ለሁለት ተካፈልናት። ሴት ልጇን እናቷ ጋ ትታ የመጣች፣ ቁጡ፣ ግን አንጀቷ ቅቤ የሆነ ሰው ናት። በጾም የምበላውን እሷ ናት የምታበስልልኝ። "እናንተ ክርስቲያኖች በጾም ዘይት ታበዛላችሁ" እያለች፣ የምታበዛው ራሷ ናት። በመጣሁ በወራት ውስጥ ወረቀት የለውም የተባለ ያ ሁሉ ወገን ተጠራርጎ አገሩ ሲመለስ፣ እኛ ኢቃማችን ደህና ስለነበር ቀረን። ከዚያ ወዲህ ከድጃ ኹሩጅ የሚለውን ቃል፣ ማለትም የመጨረሻ መውጫ ቪዛ የሚባለውን፣ ስሙን እንኳ አትጠራም፤ "ያ ነገር" ነው የምትለው።

በሁለት ሺህ ስድስት፣ ፋሲካ ሊደርስ ሲል፣ ኮሮና የሚባል በሽታ መጣ፤ ኋላ ዓለምን ያዳረሰው ሳይሆን ቀዳሚው፣ መርስ የሚሉት። አገር ቤት ያላችሁ አልሰማችሁት ይሆናል። በትኩሳትና በሳል ጀምሮ ሳንባ ላይ የሚወጣ ሕመም ነው። ከግመል ነው የሚመጣው ተባለ። ከድጃ አባቷ ግመል የነበራቸው ስለሆነ ነገሩን እንደ ዘር ስድብ ወሰደችው። "ግመል ምን በወጣት! እኔ ከግመል ጋር አድጌ ጉንፋን እንኳ ይዞኝ አያውቅም" አለች።

ሙዲራዋ ግን ከግመሏም ከከድጃም ጋር ለመከራከር ጊዜ አልነበራትም። ሽጉጥ የሚመስል የሙቀት መለኪያ ሰጥታ በር ላይ አቆመችኝ። እስቲ አስቡት፤ ቀድሞ "ያላ፣ ሻይ!" የሚሉኝ ሴቶች ተሰልፈው፣ ግንባራቸውን ገልጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጠብቁኝ! የሙዲራዋን ግንባር ስደግንበት ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ትንሽ ረዘም አድርጌ ነው የያዝኩት።

ቀጥሎ መሳሳም ታገደ። የእዚያ አገር ሴቶች ሲገናኙ አንዱን ጉንጭ አንዴ፣ ሌላውን ሦስት አራት ጊዜ ነው፤ የሰላምታቸው ርዝመት ከእኛ ከሸዋዎቹም ይብሳል። "ማፊ ቦስ!"፣ መሳም የለም፣ እያልኩ በየኮሪደሩ ሳሳድዳቸው፣ እነሱ ሽንት ቤት ገብተው ተሳስመው ይወጣሉ። ካፍቴሪያው ተዘጋና ምግብ በካርቶን ሆነ። ወንበሮቹን አራራቅኳቸው፤ መለኪያ ስላልነበረ የተዘረጉት ሁለት እጆቼ ነበሩ ሜትሩ። ተማሪው ለሁለት ተከፍሎ በፈረቃ ገባ። ሆስፒታል ሄደው የሚለማመዱት ቀረ። ከዚያ ማደሪያው ውስጥ የነበሩትን ከሆፉፍ ከተማ የመጡትን ልጆች አባቶቻቸው እየመጡ ወሰዷቸው፤ በመጨረሻም ትምህርቱ ሁሉ በኮምፒውተር ሆነ። ሕንፃው ጭር አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የጠረግኩት ወለል እስከ ማታ ንጹሕ ሆኖ ዋለ፤ ብታምኑኝም ባታምኑኝም አላስደሰተኝም።

ዶክተር ኢልሃም የምትባል ሱዳናዊት መምህርት ነበረች፤ ግዙፍ፣ ድምፀ ጎርናና፣ በሽታ እንዳይዛመት የሚደረገውን ጥንቃቄ የምታስተምር። በመጀመሪያው ቀን ባዶ ክፍል ውስጥ ካሜራው ፊት ቆመች። "ቢስሚላህ" አለችና ዝም አለች። ደግማ ጀመረች፤ ዝም አለች። እኔ በር ላይ መወልወያዬን ይዤ ቆሜያለሁ።

"ሰይደሊያ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ።"

"ወንበሩን ልወልውል?"

"አይደለም። ተማሪ ሁኚ። ለብረት ማስተማር አልችልም፤ የሰው ፊት ማየት አለብኝ።"

"ምን ላድርግ?"

"ሲገባሽ ራስሽን ነቅንቂ። ካልገባሽ ፊትሽን አኮማትሪ።"

ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው እንዲህ ሆኜ ኮሌጅ ገባሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የነቀነቅኩት ለይሉኝታ ነው። ትምህርቱ ግማሹ ዐረብኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ የሚገባኝ ዶክተር ኢልሃም በእጇ የምትሠራው ብቻ ነበር። ቀስ እያለ ግን ይገባኝ ጀመር። ሲገባኝ ደግሞ ያልገባኝን ለየሁት፤ ፊቴን አኮማትሬ ስመለከታት ትደግመዋለች። ተማሪዎቹ በየቤታቸው ሆነው፣ "ሰይደሊያን አመስግኑልን፤ እኛም አልገባንም ነበር" ብለው ይጽፋሉ። ሆስፒታል ስለቀረባቸውም ታማሚያቸው እኔው ሆንኩ። ካሜራው ከአንገቴ በታች ብቻ እያሳየ፣ ዶክተር ኢልሃም የደም ግፊቴን ትለካለች፣ ክንዴን በፋሻ ትጠቀልላለች፣ ደረቴን እያየች ትንፋሼን በደቂቃ ትቆጥራለች። ማታ ወደ ክፍላችን ተመልሼ የተማርኩትን በከድጃ ላይ እለማመዳለሁ። "ሂጂ ወዲያ! ገና ሳልሞት ልትገንዢኝ ነው?" ትለኛለች።

አንድ ሰኞ ጠዋት ከድጃ ልትለካ ፊቴ ስትቆም ዓይኗ ቀልቶ ነበር። መለኪያው ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አራት አለ።

"ሠላሳ ስድስት ብለሽ ጻፊ" አለችኝ።

"ከድጃ!"

"ወላሂ ጉንፋን ነው። ከተናገርሽ ያን ነገር ነው የሚሰጡኝ። ልጄ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብታለች ፀዱ። በምታምኚው ማይልኝ።"

በማርያም ማልኩላት። ሠላሳ ስድስት ነጥብ አምስት ብዬም ጻፍኩ። ሙዲራዋን "አንገቷን ቀጭቷታል፣ ተኝታ ትዋል" አልኳት። የሷንም የእኔንም ሥራ ሠራሁ። ፓናዶል ሰጠኋት፣ ነጭ ሽንኩርት ቀቀልኩላት፣ ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ አደረግኩ። ማክሰኞ ጠዋት ተኝታ ሳለች፣ እንደ ተማርኩት ሰዓቴን ይዤ ደረቷን ቆጠርኩ። ሠላሳ አራት። የተሳሳትኩ መስሎኝ እንደገና ቆጠርኩ። ሠላሳ ስድስት።

ሦስት ሰዓት ላይ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። የዕለቱ ትምህርት፣ እንዳለመታደል፣ ስለ ሳንባ ነበር። "ትንፋሹ በደቂቃ ከሠላሳ ያለፈን ታማሚ" አለች ዶክተር ኢልሃም፣ "ነገ እናየዋለን አትበሉ። ነገ ላይኖር ይችላል።" ከዚያ ወደ እኔ አየችና አቋረጠች።

"ሰይደሊያ፣ የቱ ነው ያልገባሽ?"

"ገብቶኛል ዶክተር" አልኩ። እንባዬ ማስኩ ውስጥ ገብቷል። "የገባኝ ነው ችግሩ።"

ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ ማይክሮፎኑ ክፍት እንደነበር ትዝ አለን። በየቤታቸው የተቀመጡት ተማሪዎች በሙሉ ሰምተዋል። ኮምፒውተሩ ላይ አንዲት ልጅ፣ "አምቡላንስ ጠርቻለሁ" ብላ ጻፈች።

ከአናታቸው እስከ ጫማቸው በነጭ ፕላስቲክ የተጠቀለሉ ሰዎች መጥተው በቃሬዛ አወጧት። ኦክስጅን አፏ ላይ አድርገውላት ስለነበር መናገር አልቻለችም፤ አየችኝ ብቻ። ያን አስተያየት በቃል ልነግራችሁ አልሞክርም።

እኔን እዚያችው ክፍል ቆለፉብኝ፤ አሥራ አራት ቀን። ምግብ በር ላይ ይቀመጣል። ሙዲራዋ በየጠዋቱ ከበሩ ማዶ ሆና ትጮኻለች።

"ስንት ጊዜ ሳልሽ?"

"አልሳልኩም።"

"ለምን አልሳልሽም?"

"እንዴ! ልሳል?"

"እንዳትስዪ! ቅጹ ላይ ግን ቁጥር ይጠይቃል።"

ዶክተር ኢልሃም በሦስተኛው ቀን አሮጌ ላፕቶፕ በር ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። እሷ ከባዶው ክፍል ታስተምራለች፣ እኔ ከእስሬ ሆኜ እነቀንቃለሁ። በስምንተኛው ቀን ትምህርቷን ከመጀመሯ በፊት፣ "ኮሮና አይደለም፤ ሌላ የሳንባ ምች ነው። ትድናለች" አለች። ራሴን መነቅነቅ አቃተኝ፤ እሷም ጠበቀችኝ።

ከድጃ ዳነች። ካፊላችን ግን፣ "በሽታ የደበቀች ሠራተኛ አልፈልግም፤ ኸላስ፣ በቃ" አለ። ዶክተር ኢልሃም ቢሮው ድረስ ሄዳ፣ "የደበቀችው እኮ እንዲህ እንዳትላት ፈርታ ነው" ብላ ተከራከረችው። ጆሮ አልሰጣትም። የደበቅኩት እኔም ነበርኩ፤ እኔን ግን ጠራጊ እንዳያጣ አስቀረኝ።

ሻንጣዋን ልትወስድ የመጣች ቀን ከስታ አባያዋ ሰፍቷት ነበር። ልብሷን አብሬያት አጣጠፍኩ። ሻንጣዋ ሊዘጋ ሲል፣ "ሐኪሙ ምን አለሽ?" አልኳት።

"ሁለት ቀን ብትቆዪ ኖሮ አበቃልሽ ነበር አለኝ።"

"እና?"

"እና ምን? ብትደብቂኝ እሞት ነበር፤ ስላልደበቅሽኝ ተባረርኩ። ለየትኛው ልቀየምሽ፣ ለየትኛው ላመስግንሽ? አላውቅም ፀዱ። አትጠይቂኝ።"

ሻንጣዋን እስከ መኪናው ተሸክሜ ሸኘኋት። አልከለከለችኝም፤ ዞራም አላየችኝም።

በመስከረም ኮሌጁ እንደገና ተከፈተ፤ ወለሉ ቆሸሸ፣ ልጆቹ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ። ዶክተር ኢልሃም በተማሪነት ልታስመዘግበኝ ሙዲራዋ ዘንድ ይዛኝ ገባች።

"አይቻልም" አለች ሙዲራዋ። "ኢቃማዋ የቤት ሠራተኛ ነው የሚለው።"

"እኔ እኮ እዚህ አገር ሰው ቤት ሠርቼ አላውቅም" አልኩ።

"ወረቀቱ ግን ሠርተሻል ይላል።"

በዚሁ ተማሪነቴ አበቃ። ዶክተር ኢልሃም በዓመቱ ወደ ኻርቱም ተመለሰች። እኔ ኮሌጁን በአምስተኛ ዓመቴ ለቅቄ፣ በሕጋዊ መንገድ ካፊል ቀይሬ፣ አሁን ኹበር ሸማሊያ በሚባለው ሰፈር አንዲት አሮጊት አስታምማለሁ። ልጆቻቸው፣ "ከየት ነው የተማርሽው?" ሲሉኝ፣ "ኮሌጅ" እላለሁ። አልዋሸሁም።

ወደ ሐርቡ በየዓርቡ እደውላለሁ። የሚያነሱት የከድጃ እናት ናቸው።

"እንዴት ነሽ ልጄ? አላህ ይጠብቅሽ፤ አፈር አይንካሽ።"

"ደህና ነኝ እማማ። ከድጃስ?"

"ደህና ናት። አሁን እንኳ የለችም፤ ገበያ ወጥታለች።"

ባለፈው ዓርብ ከኋላቸው የከድጃን ድምፅ ሰማሁ። "ኧረ እማ፣ ገበያው ዛሬ አይደለም! ወንዝ ወርዳለች በያት።"

"ወንዝ ወርዳለች" አሉኝ እማማ፣ እፍረት በያዘው ድምፅ።

"እሺ እማማ። ደህና ይሁኑ፤ ሳምንት እደውላለሁ።"

ልዘጋው ስል ከወዲያ ሹክሹክታ ተሰማኝ። እማማ ስልኩን እንደገና ወደ አፋቸው አስጠጉ።

"ልጄ፣ በልተሻል ወይ?"

"በልቻለሁ" አልኩ። "ይንገሯት።"