በምስማር ሣጥን ሥር የነበረው ጋዜጣ

ትናንት የበር ማጠፊያ ልገዛ ገበያ ወርጄ፣ የዝገትና የማሽን ዘይት ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ የመጣሁበትን ረሳሁት። ባለሱቁ ልጅ «እማማ፣ ምን ልስጥዎት?» ሲለኝ እኔ መደርደሪያው ላይ ያለውን ምስማር እየዳሰስኩ ነበር። የአባቴ ሱቅ ሽታ ነበር።

ልጅ እያለሁ፣ ጣሊያን ከመምጣቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አባቴ አዳማ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ብረታ ብረት ይሸጥ ነበር። ከምስማሩና ከማረሻው ሌላ ሱቃችን ወሬም ይገኝበታል። የአዲስ አበባው ጋዜጣ ሐሙስ ሐሙስ በባቡር ይመጣል፤ አባቴ መጀመሪያ ለብቻው ያየዋል፣ ከዚያ ለደንበኛው ሁሉ ይነበባል፣ ሲያረጅ ምስማር ይጠቀለልበታል። ፊደል ያስቆጠረኝ አባቴ ነውና ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ አንባቢዋ እኔ ሆንኩ። ሴት ልጅ ስታነብ ለማየት ብቻ ከወለንጪቲ የሚመጣ ገበሬ ነበር። ኩራቴን አትጠይቁኝ፤ እግሬ መሬት አይነካም ነበር።

ከሰሚዎቼ የምወዳቸው ቅቤ የሚሸጡትን ጎረቤታችንን አዴ ጫልቱን ነው። ባላቸው ሞቶባቸው አንድ ልጃቸውን ቶሎሳን ብቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። ቶሎሳ የነጋዴ ጭነት ይዞ ወደ ድሬዳዋ ወርዶ ነበር፤ ሲመለስ ሊዳር፣ እሳቸውም ቤት እያሠሩለት። አንድ ሳምንት ምስማር፣ አንድ ሳምንት ቆርቆሮ እያሉ ከእኛ ይገዛሉ። አንብቤ ስጨርስ ሁልጊዜ «ኢንተላ ኮ፣ ስለ መንገደኞች የሚለው የለም?» ይሉኛል። ልጄ ማለታቸው ነው።

አንድ ዓርብ አባቴ ዕቃ ሊያወርድ ጣቢያ ሄዶ አዴ ጫልቱ ማጠፊያ ሊገዙ መጡ። መጠቅለያ ስፈልግ ከምስማሩ ሣጥን ሥር የታጠፈ ጋዜጣ አገኘሁ። የዚያው ሳምንት ነው፤ ለምን እዚያ እንደገባ አልጠየቅኩም። የልጅ ነገር፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ። «አዲስ አለ፣ ላንብብልዎት» ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። በረሃ ላይ ድንገተኛ ጎርፍ የወሰዳቸው መንገደኞች ስም ነበር። አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን አነበብኩ። የቶሎሳ ስም ከነአባቱ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ገና ሳይነጋ ነው። መርዶ ያበላሸ ሰው ስሙ ዕድሜ ልኩን ይነሣል፤ ይህን ልጅም ያውቀዋል። አዴ ጫልቱ ግን አልጮኹም። የሣጥኑን ጠርዝ ጨበጡና፣ «አባትሽ ካስቀመጠበት መልሺው። አንቺ አላነበብሽም፣ እኔም አልሰማሁም» አሉኝ። ማጠፊያውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወጡ።

ማታ አባቴ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ። የአዴ ጫልቱ ወንድም ከወለንጪቲ እስኪደርስ እየተጠበቀ ነው፤ መርዶው እሑድ ንጋት ይነገራል። ቅዳሜ አዴ ጫልቱ እንደወትሮው ገበያ ወጡ። ነገሩን የሚያውቀው ጎረቤት ዓይናቸውን እየሸሸ ቅቤያቸውን ገዛ፤ እሳቸውም «አካም ቡልተኒ?» እያሉ እንዴት አደራችሁን ለሁሉም አዳረሱ። ሰዉ ለእሳቸው ሲል ሲደብቅ እሳቸው ለእኔ ሲሉ ደበቁት። ምሳዬን ሳልነካው ተነሣሁ። እናቴ ወባ መስሏት ግንባሬን ስትዳስስ ዋለች።

እሑድ ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎቹ በራቸውን መቱ። ከእናቴ ኋላ ሆኜ አየኋቸው፤ አዴ ጫልቱ ተቀምጠው ሽማግሌው ጀምሮ እስኪጨርስ አዳመጡት። ከዚያ የጮኹት ጩኸት የሁለት ቀኑ ነበር። ያን ያወቅነው እኔና እሳቸው ብቻ ነን።

ከወራት በኋላ፣ ማንበብ መተዌን ሰምተው ቤታችን መጡ። ራሴን እየዳሰሱ «የነገሩኝ ሽማግሌዎቹ ናቸው። አንቺ አንብቢ» አሉኝ። እስኪሞቱ ድረስ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብለው ኖሩ።

ዛሬ የሞት ወሬ በሬዲዮ ይነገራል፤ እናትየዋ ምሳ እያቀረበች ትሰማዋለች። ማንም በር አያንኳኳላትም፣ ማንም ወንድሟን አይጠብቅላትም። ዘመኑ ነው፣ ምን ይደረጋል። እኔ አዴ ጫልቱን ለብዙ ዓመት ጠንካራ ሴት እያልኩ ሳወራ ኖርኩ። የራሴን ልጅ ወልጄ ያቀፍኩ ዕለት ነው ከዓርብ እስከ እሑድ ምን ያህል እንደሚረዝም የገባኝ።