የአያ ይስማው ቋጠሮ

ይህን ለሚስቴም ለነፍስ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ንስሐ ስገባ ሌላ ሌላውን እዘረዝርና ይቺን እዘላታለሁ። ዛሬ እርስዎ ይስሙኝ፤ አይዘኑልኝ እንጂ።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር የቴክኒክ መምህር ነበርሁ። አያ ይስማው በሐይቁ ደሴት ላይ ላለው ገዳም እህል የሚያመላልሱ ጀልባ ቀዛፊ ነበሩ። ጀልባው የገዳሙ ነው፤ የእሳቸው ሀብት ስማቸው ብቻ ነበር። ይስማው የቋጠረውን ማዕበል አይፈታውም ይባል ነበር።

አንድ ቅዳሜ የጀልባው ናይለን ገመድ ተበጥሶ አመጡልኝ። ፈትሉን በፈትል ጎንጉኜ መቀጠል ነበረብኝ። እኔ ግን የቀበሌ ስብሰባ ረፍዶብኛል፤ የቀረ ሰው ስሙ ይጻፋል። ሁለቱን ጫፍ በእሳት አቅልጬ አጣበቅሁት። ሲረጋ ድንጋይ አከለ። “እጅህ ይባረክ!” አሉኝ።

አላውቅም ነበር? እኔው አይደለሁ በጠመኔ እየሣልሁ የማስተምረው! የናይለን ጉልበቱ ፋብሪካ ውስጥ ሲሳብ በአንድ አቅጣጫ የተሰለፉት ረቂቅ ክሪስታሎቹ ናቸው። ሲቀልጥ ሰልፉ ይፈርሳል። ሲረጋ ክሪስታሎቹ እንደገና ይሠራሉ፤ እንደ ድሮው ግን አይሰለፉም። ላዩ ይጠነክራል፣ ጉልበቱ የለም። አውቅ ነበር።

በማግስቱ እሳቸው ቅዳሴ ላይ ሳሉ ነፋስ ተነሣ። አላስቀምጥ አለኝ፤ ወደ ሐይቁ ሮጥሁ። ጀልባው ቋጥኝ ላይ ተሰባብሮ ሰምጧል። ጀልባውን ያሰሩበት የዋንዛ ግንድ ላይ ግን ቋጠሯቸው እንደታሰረ አለ። የተበጠሰው እኔ ያቀለጥሁት ቦታ ነበር።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ቋጠሮውን ፈታሁት። እምቢ ቢለኝ በጥርሴ ፈታሁት። ቁራጩን ሐይቁ ውስጥ ወረወርሁት። አሻጥር የሚሉት ቃል የሚያሳስርበት ዘመን ነበር እላለሁ ለራሴ። ውሸት! የሳሳሁት ለስሜ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ መሐንዲሱ ይለኝ ነበራ።

ሰዉ ቋጠሮው ተፈታ አለ። አያ ይስማው ባዶውን ግንድ ደባብሰው “እጄ ከዳኝ” አሉ። ገዳሙ ሌላ ቀዛፊ ያዘ።

ዱርቤቴ ልጃቸው ዘንድ ጠቅልለው ሊገቡ ሲሉ የተበጠሰ የናይለን የበሬ ማሰሪያ ገመድ ይዘው መጡ።

“ልጄ፣ በእጄ ማመን ትቻለሁ። የአንተ እሳት ይሻላል፤ ይቺንም አቅልጥልኝ።”

አቀለጥሁላቸው። እግዜር ይስጥህ አሉኝ። አሜን አልሁ።

ይቅርታ ብለምን ለየትኛው ልለምን? ለፈታሁት ቋጠሮ ነው ወይስ ለዚያ አሜን?