ምርቃቱ ሳያልቅ

ዘዴውን ያወጣሁት ሰው እንዳይፈነካከት ብዬ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ የሆነውን የሰማ ሁሉ «ቁማር ቤት ከፍቶ ሽማግሌ አስመታ» እያለ ስሜን ስለሚያጠፋ ነው። ያሻውን ይበል። ከዘዴው በፊት የነበሩትን እሁዶች ያየሁት እኔ ነኝ።

ካምፓላ፣ ሙቱንጎ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ የጌም ቤት ከፍቻለሁ። ሌላ እንጀራ የለኝም። እሁድ ከሰዓት በኋላ የመኪና ውድድር አለ። አራት የአገራችን ልጆች ናይሮቢ፣ ጁባ፣ ኪጋሊና አዲስ አበባ ሆነው በኢንተርኔት ይሽቀዳደማሉ፤ እኛ በትልቁ ቴሌቪዥን እናያለን። ሱቅ የሚሸጠውም፣ ከሐይቁ ወደብ ከፖርት ቤል ዓሣ የሚያመላልሰውም፣ ወረቀቱን የሚጠብቀው ስደተኛም ይመጣል። ውርርዱ በአፍ ነበር። ቀዩ ሲያሸንፍ «ቀዩን ያልኩት እኔ ነኝ» ባዩ ይበዛል። ከዚያ ቡጢ ነው። አንድ እሁድ የሰው ጥርስ ከምንጣፌ ላይ ለቅሜያለሁ። ሌላ እሁድ አንዱ እናቴን ሲሰድብ በቴስታ አፍንጫውን አልኩት። የእጁን ነው ያገኘው፣ ዛሬም አልጸጸትም።

አባባ የመጡት ያን ቀን ነው። አባባ የምላቸው የወሎ ሰው ናቸው፤ ከእኔ ቤት ቁልቁል ትንሽ ሱቅ አላቸው። ካምፓላ የገባሁ ሰሞን ሱቃቸው ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግተው ያስተኙኝ፣ ታይፎይድ ሲጥለኝ ሾርባ በማንኪያ ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው። እዚህ አገር አባት ብዬ የምጠራው ሌላ ሰው የለኝም። በሩ ላይ ቆመው ምንጣፉ ላይ ያለውን ደም አዩ።

«ልጄ፣ ይሄ ቤት ሰው ሳይገድል አይቀርም» አሉኝ።

«ታዲያ ምን ላድርግ አባባ?»

«ዝጋው።»

«ዘግቼ ምን ልብላ?»

ጎንበስ ብለው የምንጣፉን ጫፍ ያዙና አብረን ወደ ውጭ አወጣነው። 

በሳምንቱ ዘዴውን አወጣሁ። እንደ መኪኖቹ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴ የፕላስቲክ ኩባያ ገዛሁ። የሁሉም ሰው መወራረጃ እኩል ነው። ተወራራጁ ሴንቴውን፣ ገንዘቡን ማለቴ ነው፣ ለእኔ ይሰጥና የራሱ ምልክት የተጫረበት የቢራ ቆርኪ ይቀበላል፤ ቆርኪውን በመረጠው ኩባያ ውስጥ ይከታል። ውድድሩ ሲያልቅ ካሸነፈው መኪና ኩባያ ውስጥ ቆርኪያቸው የተገኘ ሰዎች የተሰበሰበውን እኩል ይካፈላሉ። ለመብራትና ለዳታ ትንሽ አነሳለሁ። ክርክር የለም፤ ኩባያውን መገልበጥ ብቻ ነው።

የጎደለው ኩባያዎቹን የሚከድን ሰው ነበር። እኔ ብከድን አያምኑኝም፣ እኔም ብሆን እነሱን አላምንም። እኛ ደግሞ ዳኛ ያልተቀመጠበት ዕቁብ አንገባም። ሄጄ አባባን ለመንኩ።

«ቁማራችሁን አልነካም፣ ሐራም ነው» አሉ። «ጠባችሁ ግን ይመለከተኛል። ሴንቴውን አታሳየኝ። ሰፌድ አምጣልኝና እኔ እከድነዋለሁ።»

እሁድ እሁድ ከኩባያዎቹ አጠገብ መቀመጥ ጀመሩ። ከመክደናቸው በፊት ግን ይመርቃሉ። የወሎ ሽማግሌ ሰው ተሰብስቦ እያየ ሳይመርቅ አይነሳም። «ክፉ አይንካችሁ። ወጥታችሁ ግቡ። ስደቱን ያሳጥርላችሁ። እጃችሁን ከደም ይጠብቅላችሁ።» ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መዳፉን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ «አሜን» ይላል። ሲያበቁ ሰፌዱን ይደፉበትና «ተዘጋ» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ቆርኪ አይገባም። ቤቴ ሰላም ወረደበት፤ ለወራት አንድም ቡጢ አልተሰነዘረም።

ጉዱ ያለው እዚያው ምርቃቱ ውስጥ ነበር። ነጂዎቹ አባባን አይጠብቁም፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይነሳሉ። በዚያ ላይ ምስሉ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። እኛ አሜን ስንል መኪኖቹ ወዲያ ማዶ ሩቅ ሄደዋል፣ አንዱም ከግንብ ተላትሟል። ሌላ ሕዝብ ቢሆን በሰዓት ይዘጋ ነበር፤ እኛ በምርቃት ዘጋን። የሽማግሌ ምርቃት ደግሞ አይቋረጥም።

ይህን ያሰበው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከፖርት ቤል ዓሣ በቦዳ፣ በሞተር ሳይክል፣ የሚያመላልስ ያገራችን ሰው ነው፤ በዚያ ሙቀት የሱፍ ኮፍያ አያወልቅም፣ ሁልጊዜ ከኩባያዎቹ ዳር ይቆማል። አዘውትሮ ያሸንፋል። ባለ ዕድል ነው እያልን እንስቅ ነበር።

ረመዳን ሊገባ ሲል አንድ እሁድ የአባባ ምርቃት ረዘመ። አገር ቤት ለሞቱትም፣ በመንገድ ለቀሩትም ዱዓ አደረጉ። እኔ መዳፌን ዘርግቼ ሳለ የተቃጠለ ገመድ ሸተተኝ፤ ሶኬቱ ነው ብዬ ዓይኔን ገለጥኩ። ዓሣ አመላላሹ አፉ «አሜን» ይላል፣ እጁ ቢጫው ኩባያ ውስጥ ነው። ከኮፍያው ሥር ቀጭን ሽቦ ወርዷል።

ክንዱን ይዤ ኮፍያውን ገፈፍኩት። የጆሮ ማዳመጫው ወልቆ ተንጠለጠለ። ወደ ጆሮዬ ሳስጠጋው ከነጂዎቹ አጠገብ ያለ አንድ ሰው በስልክ በአማርኛ «ቀዩ ተገለበጠ፣ ቢጫው እየመራ ነው» ይላል። የእኛ ቴሌቪዥን ላይ ቀዩ ገና አልተነሳም ነበር።

መጀመሪያ የመታሁት እኔ ነኝ። ስለ ገንዘቡ አይደለም። አባቴ ለሙታን ዱዓ እያደረጉ፣ ይኼ በአሜን ውስጥ ሰረቀ። ዓይኑ ላይ ደገምኩት፤ እሱም ከንፈሬን ተረተረው። ነገሩ የገባቸው ሁለት ሰዎች ከኋላ ያዙትና ከግድግዳው አላተሙት። ቴሌቪዥኑ ወደቀ፤ ቆርኪው ወለሉ ላይ ተበተነ። አንዱ ጉሮሮውን ሲያንቀው ነክሶት አመለጠና በርጩማ አነሳ። ለእኔ ጭንቅላት ነበር የሰነዘረው። አባባ «ልጆቼ!» ብለው መሃል ገቡ። በርጩማው መንጋጋቸውን አገኘው። ድምፁን ዛሬም እሰማዋለሁ፤ ደረቅ ጭራሮ በጉልበት ሲሰበር የሚሰማው ነው።

ካምፓላ የኖረ ሰው በር ላይ ቆሞ «ሙቢ» ብሎ መጮህ ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። በሉጋንዳ ሌባ ማለት ነው። መንገደኛው ድንጋይ ያነሳል፣ ባለ ቦዳው ቦዳውን አቁሞ ይወርዳል፣ ሮሌክስ የሚሉትን ቻፓቲ በእንቁላል የሚጠብሰውም ምጣዱን ጥሎ ይመጣል፤ ፖሊስ ሲደርስ የሚያነሳው ሬሳ ነው። በሩን በርግጄ ወጥቼ አፌን ከፈትኩ። ይሙት ብዬ ነው፣ አልዋሽም።

ሱሪዬን የሆነ ነገር ያዘው። አባባ በደረታቸው ተስበው ደርሰውብኛል። አገጫቸው ተጣሟል፣ ደሙ ሸሚዛቸውን አልፎ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ። አፌን ዘጋሁ። ሰውየው በአጠገቤ አልፎ ቁልቁል ሮጠ፤ መንገደኛው የቸኮለ ሰው መስሎት አሳለፈው።

ንሳምብያ ሆስፒታል ወስደናቸው መንጋጋቸው በሽቦ ታሰረ። ይድናሉ፣ ለጊዜው ግን መናገር አይችሉም ተባልን። አጥሚት እያቀጠንኩ በቀጭን ቱቦ አጠጣኋቸው። እሳቸው ሲተኙ እኔ ዱላ ያደረግኩትን የፌሮ ብረት ይዤ እወጣለሁ። መንጋጋ በመንጋጋ ብዬ ምያለሁ። ፖርት ቤል ወርጄ ጀልባ በጀልባ ፈለግኩት። አጣሁት፤ «አላየሁትም» ያለኝን ጓደኛውን ክንዱን ሰብሬ ተመለስኩ።

አባባ ሱቃቸው ከተመለሱ በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። ዓሣ አመላላሹ ከሐይቁ ዳር ያመጣውን ጥቁር ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ከኋላቸው ገባ። አባባ እግር ሥር ተንበረከከ። አባባ ከጎናቸው እንድቆም በእጃቸው ጠሩኝ። ፌሮው ጃኬቴ ውስጥ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እዚያ ግን የተወጋው ሊረሳ ቆርጦ፣ ያልተወጋሁት እኔ አልረሳም አልኩ። አሜን ከተባለ በኋላ እጁን የሚያነሳ የተረገመ ነው። ለዚህ ነው አሜን እንዳልል ለራሴ የነገርኩት።

አባባ መዳፋቸውን አነሱ። ከሽቦው ኋላ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። የትኛው ምርቃት እንደሆነ፣ የት እንደሚያበቃ ማን ያውቃል? መዳፋችንን ዘርግተን ቆምን። በመጨረሻ አንዱ ሽማግሌ «አሜን» አሉ፣ ሌላውም ተከተለ፣ ሁሉም አለ። የአባባ እጅ ግን አልወረደም። እኔን ነው የሚያዩት። ክንዳቸው ዝቅ ሊል ሲል መልሰው ከፍ ያደርጉታል። በሽቦው መሃል ደም የቀላቀለ ምራቅ አገጫቸው ላይ ወረደ።

«አባባ፣ ይበቃዎታል፣ እጅዎን ያውርዱ» አልኳቸው።

አላወረዱም። የሰውየው ማጅራት ከድንጋዩ ሥር ይታየኛል፤ ፌሮው የት እንደሚያርፍ አውቄዋለሁ።

«አሜን» አልኩ። ይቅር ብዬው አይደለም። ክንዳቸው ስለደከመ ነው።

እጃቸው ወረደ። ድንጋዩን እንዳነሳለት በዓይናቸው አመለከቱኝ። በሁለት እጄ አነሳሁት፤ ከጭንቅላቱ በላይ ነበር፣ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እጄን ያያል። ወደ ጎን አስቀመጥኩት።