የዘሃራ ድምፅ

ይህን ለባሌም፣ ለእናቴም፣ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ለሚያየኝ ሕዝብም ተናግሬው አላውቅም። አሁን የምናገረውም ከንፈር እንዲመጠጥልኝ አይደለም።

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ግን ሶማሌላንድ፣ ሐርጌሳ ነው። ከተማዋ በጦርነቱ ፍርስራሽ ላይ መልሳ ቤት ስትሠራ፣ እኔ ወንጀለኛ የሚያጋልጥ ፕሮግራም ጀመርኩ። ስንቱ ዛተብኝ! አንዱንም አልፈራሁ። ዛሬም አልፈራም።

ዘሃራ ከወሎ መጥታ እዚሁ ጋአን ሊባህ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ነበረች። የቤቱ አባወራ የፈላ ውሃ ደፋባት። እዚህ አገር ሰው ሲበደል የጎሳ ሽማግሌዎች ይቀመጡለታል፤ ለእሷ ግን የሚቀመጥላት ጎሳ አልነበራትም። ጎሳሽ እኔ ነኝ አልኳት። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኳት።

ኒቃብ አልብሼ ካሜራ ፊት አስቀመጥኳት።

«ፊቴንስ ሸፈኑልኝ፤ ድምፄን ምን ሊያደርጉልኝ ነው?» አለችኝ።

«አይዞሽ፣ እንለውጠዋለን» አልኳት።

አልለወጥኩትም። ሴት ተሸፋፍና በምትሄድበት ሰፈር ጎረቤት የሚለያት በድምፅዋ መሆኑን አላውቅም ነበር? አሳምሬ አውቃለሁ! እኔ ራሴ ገበያ መሀል ጓደኞቼን የምለያቸው በድምፃቸው ነው። ነገር ግን ቴክኒሻኑ ድምፅዋን ሲያጎረንነው ለቅሶዋ ጠፋ። እኔ ደግሞ ለቅሶዋን ፈለግኩት። «እንዳለ ይውጣ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አይደለም።

አገር አለቀሰ። ሰውዬው ታሰረ፤ በዚህስ አላፍርም፣ ነገም ቢሆን አሳስረዋለሁ። ዘመዶቹ ግን በድምፅዋ የለዩአትን ጎረቤቶቿን ጠይቀው፣ ሼክ ኑር በሚባለው የድሆች ሰፈር ያለችውን ጎጆዋን አፈረሱባት። የሚቀጥራት ቤትም ጠፋ። ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ወደ ድንበር ሄደች አሉኝ። ፈለግኳት፣ አላገኘኋትም። እኔ በዚያው ሰሞን የተበዳዮች ጠበቃ ተብዬ ተሸለምኩ። ፈገግ ብዬም ተቀበልኩ።

አላህ መሐሪ ነው እንዳትሉኝ። መሐሪነቱን አውቃለሁ። ዘሃራ ግን አልማረችኝም፤ ፊቷ ቆሜ አልጠየቅኳትማ። የእሷን ይቅርታ ደግሞ እናንተ ከየት አምጥታችሁ ትሰጡኛላችሁ? አልቀበልም።

የፊታችን ሐሙስ እሷ በተቀመጠችበት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ኒቃብ እለብሳለሁ፤ ስሜን አልጠራም። ይህንኑ ያደረግኩትን እናገራለሁ፣ ቴክኒሻኑም ድምፄን አይነካውም። ገና «አሰላሙ ዓለይኩም» ስል ሐርጌሳ ያውቀኛል።