ሳን ሆዜ ድረስ የወሰደኝ የወሰን ድንጋይ

የእርሻ ጎረቤታችን አቶ ይመር የአባቴን የወሰን ድንጋይ ነቅሎ ወደ እኛ እርሻ አስገብቶ ተከለው። ከዚያ ዳኛ ፊት ቆሞ «ወሰን ገፊው በላይ ነው» ብሎ አባቴን ከሰሰው። ከስንት ነገሥታት በፊት የተተከለ የርስት ድንጋይ ነበር። አባቴ ስሙ ጠፍቶ ሞተ። መሬቱን በኋላ መንግሥት ወረሰው፤ ለማናችንም አልሆነ። እኔ የፈለግኩት የአባቴን ስም ነው። ሰውየው ሳን ሆዜ ልጁ ጋ መጥቷል ሲሉኝ ከኦክላንድ ተነሣሁ።

ሽማግሌ ያስፈልጋልና ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ሱቅ ያላቸውን ኤርትራዊ፣ አቶ ዑመርን ለመንኳቸው።

«ለወሰን ነገር እኔን? የእኛ ወሰን ገና ትናንት አይደል የተተከለው!» ብለው ሳቁ። «ይሁን፤ ዛሬ የአሜሪካኖች የአባቶች ቀን ነው፣ ከቤት አናጣውም።»

በባቡር

ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነውና ያየሁትን ጽሑፍ ሳላነብ አላልፍም። «ዩኒየን ሲቲ!» ብዬ ጮክ ብዬ ሳነብ፣ አቶ ዑመር «ቀስ በል፣ ሾፌሩ ያውቀዋል» አሉኝ። በግራ ኮረብታው ደርቆ የደረሰ ገብስ መስሏል፤ በቀኝ መጋዘን ብቻ። አቶ ዑመር ከሱቃቸው የያዙትን ሳምቡሳ በልተን ጨረስን። ፍሪሞንት ላይ ባቡሩ ስለሚያልቅ አውቶቡስ ያዝን።

ሳን ሆዜ

ልጁ አልማዝ በር ከፈተችልን። አቶ ይመር ሣሩ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ሰላምታም አልሰጠሁት።

«የበላይ ልጅ ነኝ። ድንጋዩን ማን ነቀለው?»

አየኝ። ቁርጥ አባቴን ነው የምመስለው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ይህን ይዤ ልሞት ነበር። ቆይ፣ ድንጋይ ተሸክሜ እግርህ ላይ ልውደቅ።»

በአገራችን በዳይ ይቅርታ የሚጠይቀው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ነው። ተነሣና ሣሩ ዳር ከተደረደሩት ነጫጭ ድንጋዮች ትልቁን ፈነቀለ።

«አባባ! ኧረ እሱ የኔይበራችን ነው! የጎረቤት ድንበር ነው!» አልማዝ ጮኸች።

አቶ ዑመር «አቶ ይመር፣ አሁንም የሰው ወሰን ይነቅላሉ?» አሉ።

መጀመሪያ የሳቀው ራሱ ነው። እኔ ላልስቅ ነበር የመጣሁት፤ አልቻልኩም። ድንጋዩን መልሶ በእግሩ ጠቀጠቀው።

«ድንጋዩ ይቅር፤ የአገር ሰው ይስማ» አልኩ።

«አልማዝ፣ ኒውአርክ ላለው ለሐሰን ኮል አድርጊልኝ» አለ አቶ ይመር።

ሐሰን የመንደራችን ልጅ ነው። አቶ ይመር «ወሰን ገፊው እኔ ነኝ። በላይ ንጹሕ ነው» አለው። ስልኩ ጮክ ብሎ ይሰማል።

«ለዚህ ነው እንዴ የቀሰቀሱኝ? የሌሊት ሺፍት ሠርቼ ነው የገባሁት! እሱንማ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ዳኛው ብቻ ነው ያላወቀው።»

መመለሻ

አቶ ይመር አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኙን። እጃቸውን ሳምኩ። በመንገድ ላይ አንድም ጽሑፍ አላነበብኩም። የአባቴ ስም ጠፋ እያልኩ ስዞር የኖርኩት ለካ እኔ ብቻ ነኝ። መሄዴ ግን አይቆጨኝም፤ ሄጄ ባልጠይቅ ማን ይነግረኝ ነበር?

ነገሩ ያለቀው እሑድ፣ ሰኔ 12 ቀን 1986 ዓ.ም. ነው።