የእናኑ ስልጆ

ባለፈው ሳምንት አንድ የመጽሔት አዘጋጅ ደብዳቤ ጻፈልኝ። «ለምግቡ ሲሉ ደግመው ሊሄዱበት የሚመኙት ቦታ የት ነው?» ይላል። ከእኔ በፊት የተጠየቁትን ሰዎች መልስም አያይዞ ልኮታል፤ እንዳልደግማቸው ይሆናል። አንዱ ሮም ይላል። አንዷ የምጽዋን ዓሣ ታነሣለች። ሦስተኛው ፓሪስ ሄዶ የበላውን ቀንድ አውጣ በሁለት ገጽ ተርኮታል። ሳነበው ሰውየው ቀንድ አውጣውን የበላው ሊጽፈው እንጂ ሊጠግብበት እንዳልነበር ገባኝ።

ሮምን እኔም አይቻታለሁ። ደኅና ታበላለች። ነገር ግን እዚያ የበላሁት ሁሉ አሳላፊው ሳህኑን ሲያነሣ አብሮ ተነሥቶ ሄዷል። ምግብ በጣዕሙ ይታወሳል የሚሉ ሰዎችን አላምናቸውም። ምላስ ውለታ ቢስ ናት፤ ዛሬ ያመሰገነችውን ነገ ትረሳለች። የማይረሳው ሰው ያፈረበት ወይም የከበረበት ማዕድ ነው። ለእኔ ሁለቱም በአንድ ወር ውስጥ ደረሱኝ፤ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ፣ ከመኪናው መንገድ ወጣ ብሎ አንድ ሰዓት በእግር በሚያስኬድ መንደር።

ዘመኑ የስድሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም ለማስተማር ተልኬ ስሄድ ከሻንጣዬ ይልቅ የመጻሕፍት ካርቶኔ ይከብድ ነበር። ስለ ሰው ልጅ ባህል ብዙ አንብቤያለሁ፤ ስለዚህ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። አብሮኝ የሚያስተምረው ጌታሁን የዚያው አገር ልጅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየያዘኝ ይወጣል፤ የምንጓዘው ለመብላት ብቻ ነው። የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለን ቡሬ እንሄዳለን። ቡሬ ከመታየቷ በፊት ታስነጥሳለች፤ በየግቢው የተሰጣው በርበሬ ነፋሱን ያቀላዋል። እዚያ ትኩስ እንጀራ በአዋዜ፣ ከአገው ወገን የመጣ ቅቅል ድንች፣ ከነሰፈፉ የተቆረጠ ማር። በመልሱ የዳጉሳ ጠላ። ጌታሁን አንድ ደንብ ብቻ አስተምሮኛል፦

«እዚህ አገር የቀረበለትን ለመቀበል የሚያንገራግር እንግዳ የናቀ ነው የሚመስለው። ብድግ ብለህ፣ በሁለት እጅህ ተቀበል። በቃ።»

ይህችን ደንብ እንደ ሊቅ ይዤአት ኖርሁ። ያጠፋችኝም እሷ ናት።

የኅዳር ሚካኤል እሑድ ዋለ። የጌታሁን አጎት አያ ተሰማ የሚካኤል ማኅበር ሙሴ ናቸው፤ ሙሴ ማለት የማኅበሩ አለቃ ነው። የዚያ ወር ድግስም በቤታቸው ነበርና ጠሩን። የኑጉ አበባ መርገፍ ጀምሯል፤ ግን መንገዱ አሁንም ቢጫ ነው። ያን ጊዜ ገጠሩ የመሬት ልኬታ ወሬ ስለሚያሳስበው ኮት የለበሰ ሁሉ መሬት ለኪ ይመስላል። ስገባ ሰው ሁሉ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ጌታሁን «አስተማሪ ነው» ሲል ፊቶች ፈታ አሉ። ከቄሱ አጠገብ አስቀመጡኝ።

ጾመ ነቢያት ሊገባ ሦስት ቀን ስለቀረው ቤቱ ቅቤውን የሚሰናበት ይመስል ነበር። ዶሮ ወጡ ላይ ቅቤው ተንሳፍፎ ይታያል። አያ ተሰማ በላዬ ላይ ቆመው «በሞቴ! ይቺን ብቻ! አስተማሪ ሲበላ እንዲህ ነው እንዴ? ልጆቻችንን ምን ሊያስተምርልን ነው?» እያሉ ያጎርሱኛል። ከበሩ አጠገብ ግን አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ፣ የያዘችውን ጉርሻ ሳትጎርስ ተቀምጣለች። አርባ ዓመት ገደማ ይሆናታል። አየኋት፤ ስለ ኀዘን ያነበብሁትን አስታወስሁ፤ ወደ ዶሮዬ ተመለስሁ።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ቄሱ ጸለዩ። ከዚያ አያ ተሰማ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነች ትንሽ የጠላ ማሰሮ፣ በላይዋ አንድ ሙሉ ዳቦ ይዘው መሀል ቆሙ። «እንግዲህ ሚካኤል ያድርሰን» አሉ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። አያ ተሰማ ማሰሮዋን ከግራ እጅ ወደ ቀኝ አዛወሩ። ሰው ሁሉ ወለሉን ያያል። እኔ ዙሪያዬን ቃኘሁና ነገሩ በራልኝ፤ እንግዳው እኔ ነኝ፣ የሚጠብቁት እኔን ነው። ይህን ያህል ሕዝብ አስጠብቄ ደንቡን መርሳቴ አሳፈረኝ። ብድግ አልሁ። በሁለት እጄ ተቀበልሁ።

ቤቱ በእልልታ ፈረሰ። ሽማግሌዎች ትከሻዬን ሳሙኝ። ቄሱ ራሴ ላይ እጃቸውን ጭነው ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ሰው ጠላ በመቀበል ይህን ያህል የሚከበርበት አገር በማየቴ ደስ አለኝ፤ እንዲያውም ለመጽሔት እንደምጽፈው በልቤ ያዝሁ። ከበሩ አጠገብ ያለችው ሴት ብቻ እልል አላለችም። ቀና ብላ ፊቴን፣ ከዚያ እጆቼን አየች።

ስንመለስ ጌታሁን ግማሽ መንገድ ድረስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። ማሰሮዋን እኔ አቅፌአለሁ፤ ከዳቦው ቆርሼ አላምጣለሁ።

«ለመሆኑ» አለ በመጨረሻ፣ «የምትበላው ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ዳቦ።»

«ጽዋ ነው። ጽዋውን የተቀበለ የሚቀጥለውን ወር ይደግሳል። ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ሃያ ሰባት ሰው ትጠራለህ።»

የቆረስሁትን ዳቦ ማሰሮዋ ላይ መለስሁ። ያለኝ ክፍል አልጋና የመጻሕፍት ካርቶን ብቻ ይይዛል፤ ውኃ እንኳ የምታፈላልኝ አከራዬ ናት። «ነገ ትመልስልኛለህ» አልሁት። «አላወቅሁም ነበር በላቸው። ይስቃሉ እንጂ ምን ይላሉ?»

«እመልሳለሁ። ግን የሚመለሰው ለአያ ተሰማ እንዳይመስልህ። ተራው የእናኑ ነበር፤ ከበሩ አጠገብ የነበረችው። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። በጥቅምት መጨረሻ የወረደው በረዶ ጤፏን ከመሬት ጋር አጣብቆታል። ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ማንም ደግሞ እሷ ፊት ተነሥቶ ተራዋን አይወስድባትም። ድሃ ናት ብሎ በአደባባይ መናገር ነው። አላየህም እንዴ ሲያቀረቅሩ? አንተ ስትነሣ የሚካኤል ተአምር ነው ያሉት።»

ተአምር ተብዬ አላውቅም ነበር። ያም ሆኖ ለመመለስ ቆርጬ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ሐሳቤን የለወጠችው አከራዬ እትዬ ጥሩወርቅ ናት። ማሰሮዋን አይታ እልል አለች፤ እመልሳለሁ ስላት እልልታዋን አቋርጣ ወገቧን ያዘች።

«ሚካኤልን ጠርተህ በር ልትዘጋበት? መጽሐፍህ እንደዚህ ነው የሚልህ? ጋንስ ቢሆን እኔ አለኝ!»

በማግስቱ ጌታሁንን ይዤ እናኑ ደጅ ቆምሁ። ክፍሌ ለሃያ ሰባት ሰው እንደማይበቃ ተናግሬ ቤቷን እንድታውሰኝ ለመንኋት። በእርግጥ የምለምነው ሌላ ነገር ነበር፤ ሳታፍር አብራኝ እንድትደግስ።

«ቤቱ የሚካኤል ነው» አለችኝ። «እህሉ ግን ከእርስዎ ነው፣ አስተማሪ። ከእኔ አንዲት ፍሬ አይገባበትም። ጽዋው የእርስዎ ነው።»

«እህሉ ከእኔ።»

«ጾም መሆኑንስ ያውቃሉ? በቅቤ መደበቅ የለም።»

አለማወቄን ሳላውቅ ራሴን ነቀነቅሁ።

በሚቀጥሉት ሦስት ቅዳሜዎች የቡሬ ጉዞዬ ትርጉሙ ተለወጠ። ለመብላት የምሄድበትን ገበያ ለማብላት ዞርሁበት። ዳጉሳ፣ ጌሾ፣ ባቄላ፣ ሱፍ፣ ሰናፍጭ። ስንዴ ስመርጥ አንዲት ነጋዴ «ሚስት የለህም እንዴ አንተ?» ብላ ከእጄ ነጥቃ ራሷ መረጠችልኝ። የእትዬ ጥሩወርቅን ጋን በግራዋ ቅጠል አጥቤ፣ በወይራ አጠንሁ፤ ተማሪዎቼ በአጥር ቀዳዳ እያዩ ሲስቁ ሰማሁ። ሁሉን በአህያ ጭነን መንደሩ ደረስን። እናኑ ያመጣሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ዳስሳ አየች፤ ባቄላው ላይ ስትደርስ ጥቂቱን ነክሳ ቀመሰችው። «ይህ ለስልጆ ይሆናል» አለች። ከዚያ በኋላ ወጥ ቤቱ የእሷ ሆነ፤ እኔ እንጨት ፈላጭ፣ ውኃ ቀጂ፣ ተሰዳቢ ሆንሁ።

«ሰናፍጩን እንዲህ ነው የሚፈጩት? ፍቅር ነው እንዴ የያዝዎት?»

ስልጆ ለማያውቅ፣ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ ተበጥብጦ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት፣ ጤና አዳም ተነክሮበት ለቀናት እስኪኮመጥጥ የሚቀመጥ የጾም ምግብ ነው። ሲጎርሱት መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ይኮመጥጣል፤ በመጨረሻም ሰናፍጩ በአፍንጫ ወጥቶ ዓይን ያስለቅሳል። እናኑ ማሰሮውን በጨርቅ አስራ ጥግ አስቀመጠችው፤ ማንም እንዳይነካው ከለከለች፤ በየማለዳው ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጠው ነበር።

ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ማክሰኞ ዋለ። ለዳይሬክተራችን ታምሜአለሁ አልሁ፤ ፍርሃቱ ራሱ ሕመም ስለነበር ውሸት አልነበረም። ሰዎቹ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጡ። ሽሮው ጥሩ ነበር። በኮባ ቅጠል የተጋገረው ዳቦ አንዱ ጎኑ አርሮ ነበር፤ እሳቱን የጠበቅሁት እኔ ነኝ። ጠላው እንደ ዳጉሳ ጠላ ጠቆር ብሎ፣ ወይራ ወይራ ይላል። ከዚያ ስልጆው ቀረበ። አያ ተሰማ አንድ ጊዜ ጠቅሰው ጎረሱ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሁለተኛ ጎረሱ። «እናኑ» አሉ፣ «ባልሽ ከሞተ ወዲህ ይህን አልቀመስሁም።»

«አስተማሪው ነው የሠራው» አለች ያለ አንዳች እፍረት። «እኔ ቤት ነው ያዋስሁት።»

ሳቁ ጣራውን አነሣው። እኔም ጎረስሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ ስልጆ ስልጆ አልመሰለኝም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ማሰሮዋን ይዤ መሀል ቆምሁ። አሁን ደንቡን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ማሰሮዋን አጥብቄ ያዝሁ። «ሚካኤል ያድርሰን» አልሁ። ቀጣዩ ጥር ነው፤ ፍስክ ነው፤ ዶሮና ቅቤ የሚጠበቅበት። ሰው ሁሉ ወለሉን አየ። ስለራሴ ሳይሆን ስለ እሷ ፈራሁ።

እናኑ ከበሩ አጠገብ ተነሣች። ነጠላዋን አደግድጋ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ መጣች። ማሰሮዋን ስሰጣት በለሆሳስ ጠየቅኋት፦

«ይቻልዎታል?»

«ሽምብራው ደርሷል» አለችኝ። «የጎደለኝ አንድ ወር ነበር።»

እልልታው ሲበርድ ሁላችንም ወደ ደጅ ወጣን፤ ጥግ ይዤ እውነቱን ነገርኋት። ኅዳር ላይ የተነሣሁት ሳላውቅ እንደነበር፣ ምስጋናው ሁሉ የማይገባኝ እንደሆነ ነገርኋት። ሳቀች።

«እኔ እኮ ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። ጽዋ የሚቀበል ሰው እጅ እንዲህ አይደለም። ያንተ እጅ ጠላ የጠማው ሰው እጅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እመልሳለሁ እስክትል ልጠብቅ ብዬ» አለች። «በማግስቱ በመንገዱ ስትመጣ ሳይህ ልትመልስ መስሎኝ ደጃፌን ጠርጌ ቆሜ ነበር። ቤት ለመዋስ መጣህ።» ከዚያ ወዲህ «እርስዎ» ብላኝ አታውቅም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተራው ዞሮ ደረሰኝና በገዛ ፈቃዴ ተቀበልሁ። በዚያው ክረምት ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወርሁ። ብዙ መጽሐፍ ከዚያ ወዲህ አንብቤያለሁ፤ ስለ ባህል ግን በልበ ሙሉነት መጻፍ ያቆምሁት የዚያን ኅዳር ነው። ሰዎች ይህን ትሕትና ይሉታል። አይደለም፤ ተይዤ ስለማውቅ ነው።

ለአዘጋጁ የመንደሩን ስም ጽፌ ላክሁለት። ትናንት ስልክ ደወለ። ጎበዝ ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ ለአንባቢዎቻችን የምግብ ቤቱን ስም ቢነግሩን?»

«ምግብ ቤት የለም» አልሁት። «የሰው ቤት ነው።»

«ታዲያ ሰው እንዴት ሄዶ ይበላል?»

አሰብሁበት። በኅዳር አሥራ ሁለት መሄድ እንደሚችል፣ ሰዎቹ ዝም ብለው ወለሉን ሲያዩ ብድግ እንዲል ልነግረው ነበር። ግን ከዚህ በፊት አንድ ደንብ ብቻ የነገረኝ ሰው ምን እንዳደረገኝ ትዝ አለኝ።

«ይሂድና ዝም ብሎ በበሩ አጠገብ ይቀመጥ» አልሁት። «ከሚበላው በፊት የማይበላውን ሰው ይይ።»